የአርካዊት ክዳን

ከጎንደር ወደ ካርቱም የሄድኩት ቦይ ለማየት ነው። አንድ ሥራ ተቋራጭ ለከተማችን የተከደነ የጎርፍ መውረጃ ልሥራ ብሎ፣ ካርቱም የሠራውን በፎቶ አሳይቶን ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ለሥራው የሚበደረው እኔ መሐንዲሱ አይቼ ከፈረምኩ ብቻ ነው። ፎቶው ከልክ በላይ አማረ፤ ነገሩ ያኔውኑ አልጣመኝም።

መተማ ላይ ድልድዩን በእግር ተሻግሬ ከገላባት አውቶቡስ ያዝኩ። ገዳሪፍ ፉል በላን። ጎኔ የተቀመጠው ነጋዴ፣ «ደቡቡ ከተገነጠለ ወዲህ ሁሉም ጋሊ ሆኗል» እያለ ስለ ውድነቱ እስከ ካርቱም አማረረ።

አርካዊት

ያደርኩበት የካርቱም ሰፈር ሳጃና ድረስ መጥታ የወሰደችኝ ናዲያ ናት፤ እናቷ ጎንደሬ፣ አባቷ ሱዳናዊ፣ እሷ የተቋራጩ መሐንዲስ። የሻጩ ሰው ስለሆነች አንድም ቃሏን ላላምን ወስኜ ነበር።

አርካዊት የተባለው ሰፈር ስንደርስ ቦዩ እንደ ፎቶው ያምራል። ክዳኑ ላይ መኪና ቆሟል፣ ሻይ ሻጮች በርጩማ ደርድረዋል። ግን ይሸታል።

«ለመጥረግ ይህን ክዳን ማን ያነሳዋል?» አልኳት።

«ማሐሊያው፣ የአካባቢው አስተዳደር፣ በክሬን።»

«ክሬኑስ?»

«ማፊ! የለም! ሥራው ሲያልቅ ከእኛ ጋር ሄደ። ማሐሊያው መከራያ የለውም። ከተከደነ ጀምሮ አልተጠረገም።»

ደነገጥኩ። ሻጭ የራሱን ዕቃ ያጣጥላል? ተፎካካሪ ገዝቷት ይሆናል ብዬ ይባስ ጠረጠርኳት።

ጀሪፍ

«ያላ ባሽሙሃንዲስ፣ እንሂድ፤ የእናቴን ሰፈር ጀሪፍን ላሳይህ» አለችኝ። ስንደርስ መንደሩ በሙሉ አካፋ ይዞ ወጥቷል። ክረምት ሊገባ ሲል ነፊር የሚሉትን ደቦ ይጠራሉ፤ ሁሉም በየደጁ ያለውን ቦይ ይጠርጋል። ቦዩ ክፍት ነው፤ መሻገሪያው ላይ ብቻ ሁለት ሰው የሚያነሳው ጠፍጣፋ ክዳን አለ።

ለእኔ ተብሎ የተዘጋጀ ትርዒት መሰለኝ። አንዲት ሀጃ አካፋቸውን ተደግፈው በዓረብኛ አንድ ነገር ጠየቁ። ናዲያ ሳቀች።

«‹ልትከድንብን የመጣኸው አንተ ነህ ወይ?› ይሉሃል።»

እሳቸውም እኔን ሲጠረጥሩ ኖሯል። አይደለሁም ብዬ ከጎረቤታቸው ጋር አንዱን ክዳን አነሳሁ፤ ያለ ችግር ተነሳ።

ናዲያን ለብቻዋ፣ «ይህን ስላሳየሽኝ ከሥራ አያባርሩሽም?» አልኳት።

«ያባርሩኛል። ግን ቀጥሎ የሚከድኑት ይህን ነው። አንተ ከፈረምክ ‹ኢትዮጵያም ወደደችው› ብለው ይመጣሉ። ቦዩ ሲደፈን ውሃው የሚገባው እናቴ ቤት ነው።»

አፈርኩ። እውነቱን የነገረችኝን ብቸኛ ሰው ነበር መንገዱን ሙሉ ስጠራጠር የዋልኩት።

ጎንደር

ተመልሼ ለኃላፊዬ አልፈርምም አልኩት። ጎረቤት በእጁ የሚያነሳው ክዳን ይሁን፣ ካልሆነ ዕዳው ከእኛ ጋር ይቀራል፣ ቦዩም ይደፈናል አልኩ።

ወንበሩን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ አየኝ። «ማነው የገዛህ?» አለኝ።

አመመኝ፤ ግን አልተቆጣሁም። ይህ ጉዞ ያስተማረኝ መጠርጠርን አይደለም፣ እሱንማ ይዤው ነው የሄድኩት። ማንን እንደምጠረጥር ነው። ወረቀቱ አሁንም ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ሌላ ሰው ይፈርምበት ይሆናል። ክዳኑን ማን እንደሚያነሳው ግን እስካሁን የነገረኝ የለም።