የፍሪዘሩ ሶኬት

ሊይዙኝ የመጡት ሰዎች መጀመሪያ የያዙት እኔን አይደለም፤ የፍሪዘሩን ሶኬት ነው። ያን ጊዜ ከአዳማ ወጣ ብሎ ባለ የእርሻ ጣቢያ ቲማቲም አዳቅል ነበር። አንደኛው ገመዱን ነቀለ፤ ሌላው ከበረዶው ውስጥ ቢጫ ዱቄት ያለባትን ብልቃጥ አወጣ።

«የከተማውን ውሃ ልትመርዙበት ነው» አለኝ።

ዱቄቱ የቲማቲም አበባ ብናኝ ነበር። ማሳውን ሁሉ ካጠወለገው በሽታ ከተረፈ አንድ እግር ቲማቲም የሰበሰብነው ነው። ተክሉን በኋላ ፍየል በላችው። ከእሱ ጋር የምናዳቅለው ሌላው ዘር ገና ስላላበበ፣ ብናኙን ሙቀት እንዳይገድለው አድርቀን በረዶ ውስጥ አቆይተነው ነበር። ከዚያች ብልቃጥ ሌላ የቀረን የለም።

ያሰሩኝ የማዳበሪያ መጋዘን በነበረ ክፍል ነው፤ ቆርቆሮው ቀን ቀን ያቃጥላል። ከጎኔ የሚተኙት አዛውንት የቆቃ ገበሬ ነበሩ። ቲማቲማቸው በዚያው በሽታ ሁለት ዓመት ተከታትሎ ጠውልጎባቸዋል። ለምን እንደታሰሩ የነገራቸው የለም።

በሦስተኛው ቀን መርማሪው ፊት ቀረብኩ። ብልቃጧ ጠረጴዛው ላይ ፀሐይ ይመታታል። ከጀርባው ፍሪጅ አለ፤ ቢራ ሞልቶበታል። 

«ጓድ፣ መጀመሪያ እሷን ፍሪጅ ውስጥ ያስገቡልኝ» አልኩት።

«መርዝ ካልሆነ ዋጠው። ዛሬውኑ ቤትህ ትገባለህ።»

«አልውጥም። ሌላ የለንም።»

«በቃ፣ መርዝ ነው» ብሎ ጻፈና ፈርም አለኝ። ከጽሑፉ ሥር በትልልቅ ፊደል «የቲማቲም አበባ ብናኝ ነው፤ በብርድ ይቀመጥ» ብዬ ጽፌ ፈረምኩ። በጥፊ አጮለኝ።

አዛውንቱ የሆነውን ሲሰሙ ተቆጡኝ።

«ዋጥ አድርገህ አትወጣም ነበር?»

«ከዚያ እርስዎ ምን ሊተክሉ ነው?»

 ምንጣፋቸውን ከበሩ ሥር ሳቡና ቦታውን ለቀቁልኝ።

«ኮቱ፣ ና ልጄ፣ እዚህ ተኛ። ነፋስ ይገባል።»

አሥራ አራት ወር ታሰርኩ። ብልቃጧን ማን የት እንደጣላት አላውቅም። ሰዎች ይቅር በል ይሉኛል። ጥፊውን ይቅር ብያለሁ። ቢራው እየቀዘቀዘ እሷ ፀሐይ ላይ መዋሏን ግን እስከ ዛሬ ይቅር ማለት አልቻልኩም።

አዳማ ባለው ቤቴ የፍሪጁ ሶኬት ከግድግዳው ጋር በፕላስተር ተለጥፏል፤ በላዩ «አይነቀል» ብዬ ጽፌበታለሁ። የልጅ ልጆቼ ይስቁብኛል። ውስጡ ያለው ወተትና የትናንት ወጥ ብቻ ነው።