ትርፍ ሜሞሪ

ሀብተ ማርያምን የሚያውቅ ሁሉ ብስክሌቱን ያውቃል። በድሬዳዋ ከተማ ከገንደ ቆሬ ሰፈር ተነሥቶ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ፣ ከዚራ እስካለው መሥሪያ ቤታችን ድረስ በዚያች አረንጓዴ ብስክሌት ዐሥራ አራት ዓመት ተመላልሷል። አባቱ የምድር ባቡር መካኒክ ነበሩ፤ እሱም የተበላሸ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም። ይህን የማወራው እሱን ለማመስገን ብቻ አይደለም። እሱን ባስታወስኩ ቁጥር ራሴን እጸየፋለሁ።

በ1981 ዓ.ም. ሁለታችንም የምንሠራው ለዘማች ቤተሰብ የስንዴና የዘይት ኩፖን በሚያድል ጽሕፈት ቤት ነበር፤ እሱ በኮምፒውተር ሠራተኛነት፣ እኔ በንብረት ቆጠራ ኮሚቴ ጸሐፊነት። ኮምፒውተሯ አንድ የእርዳታ ድርጅት ለቆ ሲወጣ የተወልን አሮጌ ዕቃ ናት። ኃላፊያችን ጓድ በቀለ ዳንቴል አልብሷት ነበር፤ በዚያ በድሬ ሙቀት መተንፈሻዋን የሚደፍን ዳንቴል። እንግዳ ሲመጣ ያስጎበኛታል፤ መብራት ጠፍቶም ያስጎበኛታል።

ከበላይ የመጣው መመሪያ በኮምፒውተር በታተመ አንድ ተከታታይ ዝርዝር ላይ ስሙ ያልወጣ ዘማች፣ ቤተሰቡ ኩፖን አያገኝም ይላል። የእኛዋ ደግሞ ከአንድ ሺህ ስምንት መቶ ስም በላይ አልይዝም አለች። ያን ሰሞን ከሁርሶ ሥልጠና ጨርሰው ወደ ሰሜን የተላኩ የስልሳ ሦስት ልጆች ስም ውጭ ቀረ። እናቶቻቸው ሰኞ ሰኞ በራችን ላይ ይቀመጣሉ። ከነሱ አንዷ እማማ በለጠች ናቸው፤ ያላቸው ልጅ አየነው የሚባል አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ከሁርሶ ከወጣ ወዲህ ደብዳቤ አልላከም።

ሀብተ ማርያም ማሽኗን ከፍቶ መረመራትና፣ አዲስ መግዛት አያስፈልግም፣ ሜሞሪ ብቻ እንጨምርላት፣ ክፍት ቦታ አላት አለ። ጓድ በቀለ አራት መቶ ብር ፈቀደና ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ አምጣ አለው። ሜሞሪ የሚሸጥ ሕጋዊ ሱቅ በመላው ድሬዳዋ አንድም የለም፤ ሦስት ከየት ይምጣ? በጀት ዓመቱ አለቀ፤ ገንዘቡ ተመላሽ ሆነ። ጓድ በቀለ ለቁጠባው በስብሰባ ላይ ተመሰገነ፤ እኛም አጨበጨብን። ያን ጭብጨባ ሳስበው እስካሁን እጄ ይቀፈኛል።

ብስክሌቱን የሸጠው ያኔ ነው። ኹርሲ የምትባል፣ ጅቡቲ በባቡር የምትመላለስ ሶማሌ ነጋዴ ቀፊራ ገበያ ነበረች፤ የሜሞሪውን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ከብስክሌቱ ገንዘብ ጋር ሰጣት። ከሦስት ሳምንት በኋላ በረሮ የሚያክሉ፣ እግር ያላቸው ዐሥራ ስምንት ጥቁር የሜሞሪ ቁራጮች በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ተደብቀው መጡ። ደረሰኝ ቢጠይቃት ሳቀችበት።

«አቦ፣ ደረሰኝ ከፈለግክ ኬላ ላይ ፊናንስ ፖሊሱን ጠይቀው» አለችው።

እሁድ ገጠማቸው፤ ሰኞ ስልሳ ሦስቱም ስም ገባ። ዝርዝሩ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ እማማ በለጠች ማንበብ ስለማይችሉ የአየነውን መስመር አሳየኝ አሉኝ። ሳሳያቸው በጣታቸው ደጋግመው ዳሰሱት። ሁለት ወር ስንዴና ዘይት ወሰዱ። ሀብተ ማርያምም ሁለት ወር ሙሉ በዚያ ፀሐይ በእግሩ እየመጣ፣ ላቡን እየጠረገ፣ ደስ ብሎት ይገባ ነበር።

በጥቅምት ድንገተኛ የንብረት ቆጠራ ታዘዘ። ኮምፒውተሯ ስትበራ ሜሞሪዋን ራሷ ቆጥራ ስክሪኗ ላይ ትጽፋለች። የርክክቡ ሰነድ 128 ኪሎባይት ይላል፤ እሷ 256 አለች። ልዩነቱን ያየሁት እኔ ነኝ። ዝም ብዬ ማለፍ እችል ነበር፤ ግን እንደ ጎበዝ ተማሪ እጄን አወጣሁ።

በእኛ መሥሪያ ቤት ትርፍ ከጉድለት ይከፋል። ጎደለ ቢባል አይጥ በላው ይባላል፤ ተረፈ ከተባለ ግን ከየት መጣ የሚል ጥያቄ አለ። ሀብተ ማርያም በገንዘቤ የገዛሁት ነው፣ ለመሥሪያ ቤቱ ስጦታ ይሁን ብሎ ለመነ። ጓድ በቀለ ስጦታም ቢሆን ሞዴል 19 የሚባለው የንብረት ገቢ ማረጋገጫ ሳይቆረጥለት አይገባም፣ ሞዴል 19 ደግሞ ያለ ደረሰኝ አይቆረጥም አለ። ቀጥሎ ስለ ኮንትሮባንድ ጎጂነት አስተማረን። ይህን ሲናገር የለበሰው ሸሚዝም ያሰረው ሰዓትም ከጅቡቲ የመጣ ነው። እኔም ቃለ ጉባኤውን በሚያምር የእጅ ጽሑፍ ጻፍኩለት።

ሀብተ ማርያም የገጠማቸውን አንድ በአንድ ነቀለ። ፖስታ ውስጥ ከተን በሰም አሸግን፤ እኔም በላዩ «ትርፍ ሜሞሪ፣ 18» ብዬ ፈረምኩና ካዝና ውስጥ ቆለፍኩት። ሰኞ የተለጠፈው ዝርዝር አንድ ሺህ ስምንት መቶ ላይ አበቃ።

በዚያ ዘመን መርዶ አይነገርም። የሞተ ዘማች ስም ሲደርሰን በጸጥታ ሰርዘን ቀሪውን እንለጥፍ ነበር፤ እናቶችም ይህን ያውቃሉ። ስሙ ከግድግዳው ላይ ከጠፋ ልጁ ሞቷል ማለት ነው። እማማ በለጠች አንድ መንገደኛ ዝርዝሩን እስከ መጨረሻው እንዲያነብላቸው አደረጉ፤ ማንንም ሳይጠይቁ ተነሥተው ሄዱ። በማግስቱ ድንኳን ተጣለ።

ረቡዕ ሀብተ ማርያምና እኔ ለቅሶ ቤቱ ሄድን። እሱ እግራቸው ሥር ቁጭ ብሎ ነገሩን ሊያስረዳ ሞከረ።

«እማማ፣ አየነው ሞተ የሚል ወረቀት አልመጣም። ማሽኗ ስለጠበበች ነው ስሙ የቀረው።»

እማማ በለጠች ነጠላቸውን ከአፋቸው ላይ አነሡ። «ሁለት ወር የያዘችው ማሽን ዛሬ ምን አጠበባት?» አሉ። ቀጥለውም፣ «እውነትህን ከሆነ ነገ ስሙን መልሰህ ለጥፈው። ድንኳኑን በእጄ አፈርሰዋለሁ» አሉት።

ሀብተ ማርያም ዞር ብሎ እኔን አየኝ። የካዝናው ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ስቀመጥ ጭኔን ይወጋኝ ነበር። የቀረበልኝን ንፍሮ ጨርሼ፣ እግዜር ያጽናዎት ብዬ ወጣሁ።