ማለዳ የምትነሣ መኪና

ሥራ የጀመርኩበት ቀን፣ እዚህ ካናዳ፣ ካልጋሪ ከዜሮ በታች ሠላሳ ዲግሪ ነበር። የመኪና መሸጫው ባለቤት ሬይ አንድ ረጅም የበረዶ መጥረጊያ፣ አንድ የባትሪ ገመድና በቀለበት የታሰሩ ቁልፎች ሰጠኝ። ሥራዬ ያገለገሉትን መኪኖች ከበረዶ ማጽዳትና ደንበኛ ከመምጣቱ በፊት አንድ በአንድ ማስነሣት ነበር። ግቢው ውስጥ ከሃያ በላይ መኪኖች ቆመዋል። ያን ቀን የተነሡት ስድስት ናቸው። ስድስቱን በደብተር ጻፍኳቸው።

ጻፊ ያለኝ ሰው የለም። በማግስቱም ጻፍኩ። የትኛዋ በመጀመሪያው ቁልፍ እንደተነሣች፣ የትኛዋ በሦስተኛው፣ የትኛዋ ገመድ እንደፈለገች። የበረዶው ወራት ሲያልቅ እነዚያን መኪኖች እንደ እኔ የሚያውቃቸው አልነበረም። ለሬይ አልነገርኩትም። ያለኝን ሁሉ ለሰው የማሳይ ሴት አይደለሁም።

በሰመር፣ በሙቀቱ ወራት፣ ሬይ አንድ ያገራችንን ሰው ሻጭ አድርጎ ቀጠረ። ስሙን አልጽፍም፤ ሁሉም ሻለቃ ይለው ነበር። "አገር ቤት የሠራዊቱ ተሽከርካሪዎች ኃላፊ ነበርኩ" ይላል። ያገራችን ሰው መኪና ሲገዛ አዋቂ ይዞ መምጣት ልማዱ ነው። ሻለቃ ሻጭም አዋቂም ሆነ። በር ይዘጋና "ድምፁን ስሙት" ይላል። በሩ ከባድ ከሆነ መኪናው ጥሩ ነው ማለት ነው፤ ገዢውም ራሱን ይነቀንቃል። እኔን "እመቤት መጥረጊያ" ብሎ ሰየመኝ። የሰሙት ሁሉ ሳቁ።

በረዶው እንደገና ሲጀምር አስቴር መጣች። ፋልከንሪጅ የሚባል ሰፈር ትኖራለች፤ ከሻለቃ ጋር አንድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው። ፉትሂልስ ኢንዱስትሪያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ዕቃ ታሽጋለች። ሺፍቷ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አውቶቡስ ሳይጀምር ነው የሚገባው። በመኪናዋ ታደርሳት የነበረች ጓደኛዋ ወደ ኤድመንተን ሄዳባታለች። እስካሁን ሁለት ቀን አርፍዳለች። አለቃዋ ሦስተኛ ካረፈድሽ አትምጪ ብሏታል። ያላት ለአንድ ርካሽ መኪና ብቻ የሚበቃ ነው፤ ተሳስታ ሌላ ልትገዛ አትችልም።

ሻለቃ ወደ አንድ ረጅም ነጭ መኪና ወሰዳት። ወንበሩ ከፋይ ነው፣ በሩ ከባድ ነው። የሚገፉት የኋላ ጎማዎቹ ናቸው። በደብተሬ እንደተጻፈው፣ ያለ ባትሪ ገመድ የተነሣበት ማለዳ ጥቂት ነው።

እኔ አጠገባቸው ትንሿን ቀይ መኪና እጠርጋለሁ። "ይህችን ውሰጂ" አልኳት።

"እሷ የምታውቀው ጣሪያውን ብቻ ነው" አለ ሻለቃ። አስቴርም ሳቀች።

ያ ሳቅ ነው ሬይ ቢሮ ያስገባኝ። ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት። ከግቢው ጀርባ ዳገት አለ፤ ሁለቱም መኪኖች ይውጡት፣ ልጅቷ አይታ ትምረጥ አልኩት። ሬይ ውድድር ይወዳል። ካፖርቱን ያዘና ተነሣ።

ነጩ ያን ቀን፣ እኔን ለማናደድ ይመስል፣ ወዲያው ተነሣ። ሻለቃ ነዳጅ ረገጠ። የኋላ ጎማዎቹ እዚያው ተሽከረከሩ፣ መኪናው ወደ ጎን ዞረ፣ ተንሸራቶ የበረዶ ክምር ውስጥ ገባ። ሻለቃ ወርዶ "መንገዱ ነው" አለ።

አስቴርን ከጎኔ አስቀመጥኳት። ጎማው ቀስ ብሎ እንዲዞር በሁለተኛ ማርሽ ጀመርኩ፤ ፍሪሲዮኑን በቀስታ ለቀቅኩ። የቀይዋ ሞተር የሚያርፈው በሚጎትቱት የፊት ጎማዎች ላይ ነው፣ አራቱም የበረዶ ጎማዎች ናቸው። በረዶውን እየነከሰች ወጣች። ግማሽ ላይ ሆን ብዬ አቆምኳት።

"እትዬ፣ ለምን ቆሙ?" አለች አስቴር።

"ዳገት ላይ ቆማ ስትነሣ እንድታዪያት።"

ተነሣች። ጫፉ ላይ ስንደርስ አስቴር ክንዴን ጨብጣ ትጮህ ነበር። ሬይ ከታች ሆኖ ባርኔጣውን አወዛወዘ። በዚያ ሥራ ላይ እንደዚያ ቀን ተደስቼ አላውቅም።

በማግስቱ ከሰዓት አስቴር መኪናዋን ልትረከብ መጣች። አጽድቶ እንዲያስረክባት ሬይ ያዘዘው ሻለቃን ነበር። እኔ ሞተሩን ሌሊት የሚያሞቀውን ሽቦ ላሳያት ጎንበስ አልኩ። ብርቱካናማው ሽቦ ከፊት ፍርግርጉ በኩል ይወጣል፣ ማታ ቤት ሲደርሱ የግድግዳው ኤሌክትሪክ ላይ ይሰካል። የለም። ከሥሩ ተቆርጧል። ሬዲዮው ለነገ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት ይላል፤ ቀይዋ እንኳ ከሠላሳ ሲወርድ ያለ ሽቦዋ አትነሣም።

ሬይ ማን ቆረጠው ሲል ሻለቃ ጣቱን ወደ እኔ ቀሰረ። "ስትጠርግ በጥሳው ነው።" ሬይ ቁልፎቹን ከእጄ ተቀበለ። አስቴር መሬት መሬት አየች።

ከግቢው ኋላ ለመለዋወጫ የተቀመጠች የቀይዋ ዓይነት የሞተች መኪና ነበረች። የእሷን ሽቦ ፈታሁ፣ በረዶው ላይ ካርቶን አንጥፌ ቀይዋ ሥር ገባሁና ገጠምኩት። ጣቶቼ አልታዘዝ ብለውኝ ነበር። ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰክቼ ጠበቅኩ። የሞተሩን ጎን ስነካው ሞቋል። ለአስቴር "ማታ ሳትሰኪ እንዳትተኚ" ብቻ አልኳት።

ወደ ቤቴ ስወጣ የሻለቃን መኪና አየሁ። የኋላ ዕቃ መጫኛው ክዳን አይዘጋም ነበር፤ በብርቱካናማ ሽቦ አስሮታል። ሶኬቱ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል። ሬይን ጠርቼ አሳየሁት።

"ሻለቃ፣ ዕቃ መጫኛህንም ታሞቀዋለህ?" አለው ሬይ።

ሻለቃ ከድሮው ባለቤት የተረፈ ሽቦ መስሎት፣ ተንጠልጥሎ እንዳያስጠላ እንደቆረጠው ተናገረ። የመጀመሪያ በረዶው ነበር፤ የራሱ መኪና የሚያድረው በሚሞቅ ምድር ቤት ነው። አለማወቁን እተውለታለሁ። ጣቱን አልተውለትም። ሬይ ቁልፎቹን መለሰልኝ። ይቅርታ ያለኝ የለም።

በማግስቱ ማለዳ መጥረጊያዬን ይዤ ስልኩ አጠገብ ቆምኩ። አስቴር በዕረፍት ሰዓቷ ደወለች፤ ከኋላዋ የማሸጊያው ማሽን ይጮሃል።

"ደረስኩ እትዬ። በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሣች። አሥር ደቂቃ ቀድሜ ገባሁ።"

እንደገና በይው አልኳት። ደገመችልኝ። ስልኩን ዘግቼ ቢሮው ውስጥ ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲህ ሬይ የሻጭ ጠረጴዛ ሰጠኝ። ለብዙ ዓመት ትንንሽ መኪኖች ሸጥኩ፤ መጥረጊያውን ግን ለማንም አልሰጠሁም። ሻለቃ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ "ቀይዋን ለአስቴር የመረጥኩላት እኔ ነኝ" እያለ ኖረ። አስቴር አጠገቡ ተቀምጣ እየሰማች አታርመውም ነበር። ሁለቱንም አልረሳሁም።

ለበረዶ ርካሽ ትንሽ መኪና የምትፈልጉ፣ የፊት ጎማዎቿ የሚጎትቱ፣ አራት የበረዶ ጎማ ያላት፣ ሽቦዋ ያልተቆረጠ ትሁን። በር ዘግታችሁ ድምፅ አትስሙ። ጠዋት ጠዋት የሚያስነሣት ማን እንደሆነ ጠይቁና እሱን አነጋግሩ።