ዝናብ ሲነካው የማይዘጋ ስልክ

ጋሽ ጨለማ ቀይ ሰው ነው። ስሙን ያገኘው ከሥራው ነው። እኛ የመብራት መስመር ሠራተኞች ምሰሶ ላይ ወጥተን ሽቦ ከመንካታችን በፊት፣ አንድ ሰው ራቅ ብሎ ካለው የመስመር መዝጊያ ጋ ሄዶ ኃይሉን መቁረጥ አለበት። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያ ሰው እሱ ነው። ሰፈሩ በድንገት ድርግም ሲል ሰው ሁሉ የሚረግመው እሱን ነው። እሱም እርግማኑን እንደ ምርቃት እየቆጠረ፣ «ዛሬም አልረሱኝም» እያለ ይስቅ ነበር። ነበር የምለው መሳቁን ስለተወ ነው።

እኔ የቡድኑ ሾፌር ነኝ። «ምሰሶ ላይ ወጥተን» እላለሁ እንጂ ወጥቼ አላውቅም፤ ወንበር ላይ ቆሜ አምፖል ስቀይር እንኳ ወንበሩን ሰው ይይዝልኛል። ግን አሥራ አንድ ዓመት አብሬያቸው ውዬ አብሬያቸው በልቻለሁና «እኛ» እንዳልል የሚከለክለኝ ካለ ይምጣ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ኃላፊያችን ጋሽ ጨለማን ጠርቶ፣ «ለውጭ ሥራ የሚሆን ጠንካራ ስልክ ለሁላችሁም ሊገዛ ነው። አንተ ምረጥ፤ ሾፌሩ ይዞህ ይዙር» አለው። ደግ ያደረገ መስሎት ነው። ጋሽ ጨለማ ከአደጋው ወዲህ አራት ወር ሙሉ መስመር ላይ አልወጣም። ዕቃ ግምጃ ቤት ተቀምጦ ብሎን ሲለይ ይውላል፤ ትልቁን ከትልቁ፣ ትንሹን ከትንሹ። ሲጨርስ መልሶ ይቀላቅላቸዋል እያሉ ያሙታል። እኔ ሲቀላቅል አላየሁም፤ ግን ብሎኑ አልቆ አያውቅም።

አደጋው እንዲህ ነው። ቡድናችን ውስጥ አንድ ልማድ ነበር። ከምሰሶው ሥር ሆነህ ለጋሽ ጨለማ ትደውላለህ። ኃይሉን ቆርጦ ከሆነ ሳያነሳ ይዘጋብሃል፤ አንዴ ጠርቶ ተዘጋ ማለት «ጠፍቷል፣ ውጣ» ማለት ነው። ካልቆረጠ ደግሞ ያነሳና «ቆይ» ይልሃል። ማን እንደጀመረው አላስታውስም። እኔ ልሆን እችላለሁ፤ በሚስኮል ነገር ማንም አይቀድመኝም። መመሪያው በቃል ተነጋገሩ፣ ሰዓት መዝግቡ ይላል። እኛ ግን «ሃሎ፣ ይሰማል?» መባባሉ ሰለቸን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል፤ የእኛ ዘጠኝ ዓመት ሳይፈታ ስለቆየ ተረቱ የማይመለከተን መስሎን ነበር።

የዚያን ቀን ምሰሶ ላይ የሚወጣው ድመቱ ነበር። ድመቱ ያልነው አወጣጡን አይተን ነው። ለጋሽ ጨለማ አማቹ ነው፣ የታናሽ እህቱ ባል። እኛ ጋ ፀሐይ ነበር። ሰባት ኪሎ ሜትር ርቆ ጋሽ ጨለማ የቆመበት ቦታ ግን ድንገት ዶፍ ወረደ። መዝጊያው ዝጎ አልንቀሳቀስ ብሎት እየታገለ ሳለ ድመቱ ደወለ። «ቆይ፣ ገና ነኝ» ሊለው ስልኩን ከደረት ኪሱ አወጣ። ጓንቱን በጥርሱ ሲያወልቅ ዝናቡ መስታወቱ ላይ ወረደበት። ስልኩ አንዴ ጠራና ተዘጋ። መልሶ ሊደውል ቢሞክር የራሰው መስታወት ጣቱን አልሰማ አለው። እኛ ጋ ድመቱ «ጠፍቷል» ብሎ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሽቦው ኃይል እንዳለው የምናይበት መፈተሻ በትር መኪናዬ ውስጥ ተጋድሟል። ማንም አላወረደውም፤ እኔም አላወረድኩትም። ከዚያ በኋላ ያለውን አላወራም። ድመቱ ነፍሱ ተርፋለች። ቀኝ እጁ ከክርኑ በታች የለም።

እህቱን ያሳደጋት ጋሽ ጨለማ ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ እሱ ሃያ ሁለት። ጸጉሯን ራሱ ሲጎነጉንላት ጠማማ እየሆነ ትምህርት ቤት ይስቁባት ነበር ይባላል። እሷን ሲያስተምር፣ እሷን ሲድር፣ የራሱ ትዳር ሳይታሰብ ቀረ። እሁድ እሁድ ምሳው እሷ ቤት ነበር።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የጋሽ ጨለማን ስልክ ከእጁ ተቀብላ የጥሪ መዝገቡን ከፈተች። የባሏ ጥሪ ያልተነሳ አይልም፤ የተዘጋ ነው የሚለው። እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ።

«ዘግተህበታል» አለችው።

«ዝናቡ ነው የዘጋው።»

ቀና ብላ አየችው። «ዝናብ ስልክ ይዘጋል? ጋሼ፣ ለእኔ?» አለችና ስልኩን መለሰችለት።

ከዚያ ወዲህ ዓይን ለዓይን አልተያዩም። ሆን ብሎ ጎዳብኝ አላለችም። ቸኩሎ፣ በልማድ፣ ሳያስብ ዘጋበትና በዝናብ አመካኘ ነው የምትለው። ብታጠፋ ይቅር እልሃለሁ፣ ግን ለምን ትዋሸኛለህ ነው ነገሯ። ጋሽ ጨለማ የሌላውን ሁሉ ወቀሳ አንገቱን ደፍቶ ተቀበለ። የኃላፊውን፣ የአጣሪውን፣ የጎረቤቱን። እንዳልዋሻት እንድታምነው ብቻ ፈለገ፤ እሱንም የሚናገርበት አፍ አጣ። ስለዚህ ስልክ ምረጥ ሲባል ምን ብሎ እንደሚጠይቅ እኔ ገና መኪናውን ሳላስነሳ አውቄዋለሁ።

የመጀመሪያው ባለሱቅ ወጣት ነው፣ የለየለት ቅቤ አንጓች። «የማይሰበር ነው አባቴ!» ብሎ ጎማ የለበሰውን ስልክ ከትከሻው በላይ አንስቶ ወለሉ ላይ ፈጠፈጠው። ከዚያ በጫማው ወጣበት። «መኪና ይሂድበት ከፈለጋችሁ» አለ ወደ እኔ እያየ፤ እኔማ ልቤ ፈቅዶ ነበር።

ጋሽ ጨለማ ስልኩን አነሳና አገላብጦ አየው። «ዝናብ ሲነካው ጥሪ ይዘጋል?»

«ውሃ በፍጹም አይገባውም!»

«መግባቱን አልጠየቅኩህም። ሲነካው ነው።»

ልጁ እኔን አየኝ። ሽማግሌው ደህና ናቸው ወይ የሚል አስተያየት ነው። አንድ ነገር ልለው አፌ ድረስ መጥቶ ነበር፤ ጋሽ ጨለማ ግን «አመሰግናለሁ» ብሎ ወጥቷል።

ሁለተኛው ባለሱቅ ስልኩን ውሃ በሞላበት ማሰሮ ከቶ እያዘፈነ አቆየን። ግማሽ ሰዓት ይዋኛል አለን። ጋሽ ጨለማ ማሰሮውን ጎንበስ ብሎ እያየ፣ «እዚያ ውስጥ እያለ ሰው ቢደውልለት ይዘጋበታል?» አለ። ባለሱቁ አሰበና፣ «ሰጥሞ ለሚዋኝ ሰው ማን ይደውላል?» አለው። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጋሽ ጨለማ በዚህ ቀልድ ሳምንት ይስቅ ነበር። «ልክ ነህ» አለና ወጣን።

ሦስተኛው ጋ ያየነው ስልክ ባትሪው ሦስት ቀን ይቆያል፤ ደወሉ ከእንቅልፍ ሳይሆን ከመቃብር ይቀሰቅሳል፤ ፀሐይ ላይ ጽሑፉ ይነበባል። ሻጩ መስታወቱ የወፍራም ጓንት ጣት ሳይቀር እንደሚሰማ አሳየን። እኔ ይኸው ተገኘ አልኩ በሆዴ።

ጋሽ ጨለማ «ጓንት የሚሰማ ከሆነ ጠብታማ እንዴት አይሰማም» አለና መለሰለት። ያንን ሲል ድምፁ የጠዋቱ ድምፅ ነው፤ አይወጣ፣ አይወርድ።

ምሳ ላይ ያዘዘውን አላወቀም፤ የመጣለትን በላ። አስተናጋጁ ያመጣው ሻይ ገና ይጨሳል፣ እሱ እንደ ቀዝቃዛ ውሃ ጨለጠው። እኔ የራሴን ብርጭቆ መያዝ አቅቶኛል።

«አላቃጠለህም?»

«ምኑ?»

ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አለቀ። «ስማ፣ አንተ የምትፈልገው ስልክ አይደለም፤ ምስክር ነው!» አልኩት። ዙሪያችን ያሉት ሁሉ ዞረው አዩን። ይቆጣል ብዬ ነበር። ቢቆጣ ደስ ባለኝ።

«አዎ» አለኝ፤ ብርጭቆውን አስቀምጦ።

አራተኛዋ ሱቅ አይደለችም። ከአንድ ሕንፃ ደረጃ ሥር ጠረጴዛ ዘርግታ ስልክ የምትጠግን ሴት ናት፣ አጉሊ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላለች። ጋሽ ጨለማ ያንኑ ጥያቄ ጠየቀ። ሴትዮዋ ሥራዋን ሳታቆም፣ «ይዘጋላ!» አለች። «መስታወቱ እኮ ዓይን የለውም። ጠብታውም ለእሱ ጣት ነው። የእኔው ራሱ ልብስ ሳጥብ ኪሴ ውስጥ ሆኖ ለአማቴ ደውሎ፣ እሷን ያማሁትን ሙሉ በሙሉ ሰምታልኛለች።»

እኔ ሳቅኩ። ጋሽ ጨለማ የራሱን አሮጌ ስልክ፣ የዚያን ቀኑን፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «በዚህ ታሳዪኛለሽ?»

እሷ ስፖንጅ ነክራ ከላይ ታንጠባጥባለች፣ እኔ እደውላለሁ። መጀመሪያ ሲጠራ ቆየ። ሁለተኛም እንደዚያው። በሦስተኛው አንዴ ጠራና ተዘጋ።

አራት ወር ሙሉ «አምንሃለሁ» ስለው ኖሬ፣ ለካ ያመንኩት አሁን ነው፤ ይህን ሳውቅ በራሴ አፈርኩ። ጋሽ ጨለማ ስልኩን አንስቶ በሸሚዙ ጫፍ አደረቀው፣ ኪሱ ከተተው። የሆነ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። «ታዲያ ለሥራ የትኛው ይሻላል?» አላት።

እሷም ጥሪ በጎኑ ባለ ቁልፍ የሚነሳና የሚዘጋ፣ ሲደወል መስታወቱ ንክኪ የማይቀበል አንድ ወፍራም ስልክ እንዳለ ነገረችን፤ የሚሸጥበትንም አሳየችን። ሄደን አየነው። «ይሄማ ቤት ይሠራበታል፣ ጡብ ነው እኮ» አልኩ። ቁልፉን በጓንት ሞከረው፣ ቧንቧ ሥር ሞከረው፣ እኔ አሥር ጊዜ ደወልኩለት። አንድም ጊዜ ሳይዘጋ አነሳው። «ይሄ ይሁን» አለ። ምርጫው እዚህ ላይ አለቀ፣ ወደ ቢሮ መመለስ ነበረብን።

እኔ ግን መሪውን ወደ እህቱ ቤት አዞርኩት። መንገዱን አይቶ አወቀው። ውረድ አላልኩት፣ አልሄድም አላለኝ።

በሩን የከፈተችው እሷ ናት፣ ዕቃ እያጠበች ነበር፤ ክንዷ እስከ ክርኗ ረጥቧል። ድመቱ ሶፋው ላይ ብርቱካን በጉልበቶቹ መሃል ይዞ በግራ እጁ ይልጣል። «ጋሼ! ግባ እንጂ!» ያለው እሱ ነው። እሷ ወደ ዕቃ ማጠቢያዋ ተመለሰች።

ጋሽ ጨለማ ተከትሏት ሄደና አሮጌውን ስልክ ቧንቧው ሥር አስቀመጠው። «እዪው» አላት። ቧንቧውን ጠብ ጠብ እንዲል አድርጎ ከፈተው። እኔ ደወልኩ።

ስልኩ ጠራ። ጠብታው መስታወቱ ላይ ያርፋል፣ ስልኩ ይጠራል። ጠርቶ ጠርቶ በራሱ ጊዜ አቆመ። ደግሜ ደወልኩ። ጠራ። ሦስተኛም፣ አራተኛም። ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ። አንዴ እንኳ አልዘጋም።

«ጠጋኟ ጋ ሠርቷል እኮ! ልጆቼን! በዓይኔ ነው ያየሁት!» አልኩ። እሷ ዞር ብላም አላየችኝ። ስልኩን ነው የምታየው።

«በቃ ይቅር» አለ ጋሽ ጨለማ። አልተበሳጨም፣ አላዘነም፤ ብሎን ሲለይ ያለው ፊት ነው። ስልኩን አነሳና ወደ በሩ ዞረ።

«አምጣው» አለችው።

ከእጁ ወስዳ መልሳ ቧንቧው ሥር ያዘችው። «ደውል» አለችኝ። ደወልኩ። ስልኩ መጥራት ሲጀምር ቧንቧውን ከፈተችው፤ አልዘጋም። ዘጋችው፣ መዳፏን ነክራ መስታወቱ ላይ ረጨች፤ ይጠራል። በጣቶቿ ጫፍ ከላይ አንጠባጠበችበት፤ ይጠራል።

«ዝጋ» አለችው ስልኩን።

ይጠራል።

«ዝጋ እንጂ! የዚያን ቀን ዘግተህ የለም? አሁንስ ምን ሆነህ ነው?» እንባዋ በአፍንጫዋ ጫፍ ወርዶ ስልኩ ላይ እየተንጠባጠበ ነው፤ እሱም አልዘጋውም።

ድመቱ የተላጠውን ብርቱካን ጉልበቱ ላይ እንደያዘ፣ «ተዪው በቃ፣ ይበላሻል» አላት።

«ይበላሽ!»

ጠርቶ ጠርቶ አቆመ። ጋሽ ጨለማ ከበሩ ተመልሶ አጠገቧ ቆመ፣ ስልኩንም ከሥር ደግፎ ያዘላት። የሁለቱም እጅ ረጥቧል።

«ደግመህ ደውል» አለችኝ፣ ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ።

ደወልኩ።