በጽጌረዳዬ ቦታ የበቀለው ስንዴ

ባለቤቴ ጽጌረዳዎቼን በበሬ አረሳቸው። ተረት እየነገርኳችሁ አይደለም። ቦሌ ውስጥ፣ በሹመቱ በተሰጠን ቪላ ግቢ፣ ከገርጂ በኩል ጥንድ በሬ ከነአራሹ አስመጥቶ ስንት ዘመን የደከምኩባቸውን አበቦች ገለባበጣቸው። ጎረቤቱ ሁሉ በአጥር ላይ አንገቱን አስግጎ ተመለከተ። እኔም እስከ ሰንበት አኮረፍኩት።

ያን ጊዜ የክፍለ ሀገሩ የግብርና ኃላፊ ነበር። ሥራ የጀመረው በበቅሎ ከገበያ ገበያ እየዞረ ስለ ማዳበሪያ በማስተማር ነው። ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ከዚያ ወደ አውራጃ አደገ፤ አብዮቱ መጥቶ መሬት ለገበሬው ሲታደል ደግሞ ቤቱን ረስቶ ሜዳ ለሜዳ ነበር። ኃላፊ ሲሆን ካፖርት ገዛሁለት፤ የጫማውን ጭቃ ግን ላስተወው አልቻልኩም።

በዚያ ዓመት ከውጭ አዲስ የስንዴ ዘር መጣ። አለቆቹ በሚቀጥለው ክረምት ለገበሬ ማኅበራት ሁሉ እንዲከፋፈል ቆርጠዋል፤ የቀረው የእሱ ፊርማ ነው። ስለ ዘሩ ሊያስረዳ በሄደበት ስብሰባ ላይ አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ጓድ ኃላፊ፣ እርስዎ ዘርተው አይተውታል?» ብለው ጠየቁት። አዳራሹ ሳቀ፤ እሱ ግን አልሳቀም።

ማታ ቤት ሲገባ «መሬቱ የሕዝብ ነው» አለኝ። «እኔ የማዝበት ያንቺ አበባ ያለበት ብቻ ነው።»

«እሱስ ላይ ማን አዛዥ አደረገህ!» አልኩት። የሰማኝ የለም፤ በሬዎቹ መጡ፣ አዲሱም ዘር በአበቦቼ ቦታ ተዘራ።

ስንዴው ግን መቼም ሲያምር! ነሐሴ ላይ አለቆቹ መጥተው አጠገቡ ቆመው ፎቶ ተነሡ። ባለቤቴ ለምክትል አስተዳዳሪነት መታጨቱ ተወራ። እኔም ምን አፍ አለኝ፣ ኩርፊያዬን ረስቼ እንግዳ በመጣ ቁጥር እያዞርኩ አስጎበኝ ጀመር።

መስከረም ሲጋመስ ትንሿ ልጃችን ግቢው ውስጥ ስትጫወት ቆይታ ነጭ ሹራቧ ዝገት በመሰለ ዱቄት ተበክሎ ገባች። አቧራ መስሎኝ ልቆጣት ስል አባቷ እጅጌዋን ያዝ አድርጎ ዱቄቱን በጣቱ አሸት አሸት አደረገው። ስንዴውን ዋግ መትቶት ነበር። ብዙም ሳይቆይ አገዳው ሁሉ ቀላ፤ ዛላው ተፈልፍሎ ሲታይ ከገለባ በቀር ምንም የለውም።

«የአንድ ግቢ ስንዴ ነው። እባክህ ዝም ብለህ ፈርም» ብዬ ለመንኩት። የዚያ ዘመን ሰው ይፍረደኝ፤ አሻጥረኛ ከተባሉት ውስጥ ሄደው የቀሩትን እናውቃቸዋለን። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

«እኛ አበባ ነው ያጣነው» አለኝ። «ገበሬዎቹ ማሳቸውን ዋግ ከበላው ልጆቻቸውን ምን ያበላሉ?»

አለቆቹ ፊርማውን በሚጠብቁበት ስብሰባ ዕለት ጠዋት ከግቢው አንድ ጭብጥ ዋግ የበላው ስንዴ ነቅሎ በጋዜጣ ጠቀለለ። እኔ ብርድ ልብስ፣ ሳሙናና ወፍራሙን ሹራብ በነጠላ ቋጥሬ በሩ ሥር አስቀመጥኩ። እስረኛ ምን እንደሚያስፈልገው ያኔ የማያውቅ ሚስት አልነበረችም። ቋጠሮውን አየው። ልጆቹን ስሞ ወጣ።

ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን በር ላይ ተክዬ የመኪናውን ድምፅ ስጠብቅ ዋልኩ። ሊመሽ ሲል ግን በሩ በእጅ ተንኳኳ። ስከፍት በጥቅምት ብርድ ከንፈሩ ደርቆ፣ ጫማው አቧራ ለብሶ ቆሟል። ከመስቀል አደባባይ ጀምሮ በእግሩ ነው የመጣው።

«መኪናው ተወሰደ» አለ። «ቤቱንም እንድንለቅ ተነግሮኛል።»

«ዘሩስ?»

«አልፈረምኩም፤ ዘሩ ቀርቷል። አይከፋፈልም።»

ሹመቱ እዚያ ላይ አበቃ፤ ሥራ ወደ ጀመረበት ገጠር ተመለሰ። በዕድሜዬ ብዙ ሹም አይቻለሁ፤ ለማያውቀው ሰው እንጀራ ብሎ ወንበሩን የሰጠ ግን ከእሱ ሌላ አላየሁም። ያን ዕለት ይህን ልነግረው ፈልጌ ለቅሶ ቀደመኝ።

እሱ በሩ ሥር ያለውን ቋጠሮ እያየ «በርዶኛል፤ እስቲ ሹራቡን አውጪልኝ» አለ። ጠዋት በፍርሃት አጥብቄ አስሬው ኖሮ ቋጠሮው አልፈታ አለኝ። መሬት ላይ ተቀምጠን ለሁለት ፈታነው።