ለአውጫጭኙ የሰጠሁት ስም

ይህ ጉዳይ አንዲት በቅሎ፣ አንድ ወዳጅና ቁርባኔን አስከፍሎኛል። ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም፤ ጾም መግደፌን እየነገርሁ ይህን እየዘለልሁት ኖርሁ። ዛሬ ለአንተ ለአንባቢው እነግርሃለሁ። ንስሐ ስጠኝ አልልህም፤ ስማኝ ብቻ።

ቡሬ ላይ ጨው ነጋዴ ነበርሁ። ገበያተኛውን ሁሉ በስም አውቃለሁና ጣሊያን ሲገባ የፖሊስ መርማሪ አደረገኝ። ነጋዴ ሁለት ደንበኛ ቢኖረው ምን ነውር አለው ብዬ ገባሁበት። ለጣሊያን እየመረመርሁ፣ ከመጋዘኑ የሰረቅሁትን ጥይት በጨው ጭነት ሥር ደብቄ ሽንዲ በረሃ ላሉት አርበኞች እልክ ነበር። ለአገር ብዬ ነው ልበል? ጥቂቱ ለአገር ነው። የቀረው አርበኞቹ ጭነቴን በሰላም እንዲያሳልፉልኝ ነው።

የጥይቱ መጉደል ታወቀ። የጣሊያኑ ሻምበል ሌባውን አምጣ፣ አለዚያ መንደሩን አቃጥላለሁ አለኝ። ሌባውን ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻኝም ነበር። ግን «በአገሩ ልማድ አውጫጭኝ ይጠራ» አልሁት። መንደርተኛው ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። የሚያውቅ ሰው ለሽማግሌዎቹ በስውር ይነግራል፤ እሱን «ወፍ» እንለዋለን። ሽማግሌዎቹም ማንነቱን ላያወጡ ይምላሉ።

ወፏ እኔ ሆንሁ። የአያሌውን ስም ሰጠሁ።

አያሌው ማር ነጋዴ፣ የልብ ወዳጄ ነበር። በቅሎዬን ተውሶ አርበኞቹ ዘንድ ገብቷል፤ የሌለ ሰው ቢጠራ ማን ይጎዳል ብዬ አሰላሁ። ሁሉን የማሰላ እኔ፣ ከአውጫጭኝ የቀረ ሰው ቤተሰቡ እንደሚያዝ እንዴት ረሳሁት? እናቱ እኮ እዚያው ሜዳ ላይ ተቀምጠው ነበር!

ስሙ የሚነገረው ማምሻውን ነው። ከዚያ በፊት አያሌው በቅሎዋን በላብ አጥምቆ መጣና አጠገቤ ተቀመጠ።

«ደረስሁ? ቀረ ብለው እናቴን እንዳይዟት ብዬ በቅሎህን ገደልኋት።»

«ደርሰሃል» አልሁት።

«አንተ ደግሞ የጣሊያን ደመወዝ አወፍሮሃል!» ብሎ ሳቀ። «ወፏስ ተናገረች?»

«ምን አውቄ።»

የምናዘዘው ይህችን ነው። ስሙን ስሰጥ የለም ብዬ ነው፤ «ምን አውቄ» ስል ግን ትንፋሹ ይሰማኝ ነበር። በቅሎዋ ገና ኮርቻዋ አልወረደም። ተነሥተህ ሂድ ማለት እችል ነበር። ለምን አላልሁም? ከአጠገቤ ተነሥቶ ቢያመልጥ፣ ማን ነገረው ብሎ ሻምበሉ ወደ እኔ ይዞራላ! ፈራሁ።

ስሙ ሲጠራ አየኝ፤ ልጓሙን አስጨበጠኝ። «በቅሎህን ያዝ፤ እናቴንም» አለኝ። ፍኖተ ሰላም ወስደው ሰቀሉት። በቅሎዋን ሻምበሉ ወሰዳት። እናቱን እስኪሞቱ ጦርኋቸው፤ በሄድሁ ቁጥር ይመርቁኝ ነበር።

መንደሩ ከቃጠሎ ዳነ የሚሉ አሉ። ለእኔ አይያዝልኝ፤ መንደሩን ለማዳን የራሴ ስም ይበቃ ነበር።

ሒሳቡ ይኸው ነው፦ የሰረቅሁ እኔ፣ የመረመርሁ እኔ፣ የጠቆምሁም እኔ። የተሰቀለው አያሌው።