አረንጓዴ የሆነው ጠበል

ኮተቤ ከማስተምርበት ክፍል ነው የወሰዱኝ፤ ጠመኔው ገና ከጣቴ አልለቀቀም ነበር። የካ ውስጥ አንድ የፖሊስ ግቢ አስገብተው በር ዘጉብኝ። ክፍሉ ጠባብ ነው። መስኮቱ ከጣሪያው ሥር የተበሳ፣ ጭንቅላት የማያሳልፍ ቀዳዳ ነው። እርጥብ ጭቃ ይሸታል። ዓይኔ ጨለማውን እስኪለምድ ሌላ ሰው መኖሩን እንኳ አላየሁም።

«ወዲህ ጠጋ በል ልጄ፤ እዚህ ጋ ደረቅ ነው» አለኝ አንድ ድምፅ።

እንጦጦ ላይ ገብስ የሚያርሱ ሽማግሌ ነበሩ። ከመፈንቅለ መንግሥቱ ግርግር ማግስት የሸሸ ወታደር ቤታቸው አሳድረዋል ተብለው ነው የታሰሩት። «መሽቶበት መጣ፤ አሳደርኩት። ወታደር ይሁን ቄስ አልጠየቅኩትም» ይላሉ፤ ሌላ መከላከያ አልነበራቸውም።

እኔ እህል እምቢ አለኝ። መርማሪዎቹ ግርግሩን የደገፉ ጓደኞቼን ስም ይፈልጋሉ፤ ከአፌ እንዳያመልጠኝ እፈራለሁ። ከምርመራ ስመለስ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ እተኛለሁ፤ ከሽማግሌውም ጋር አላወራም። እሳቸው ባለቤታቸው የላኩላቸውን ጠበል በጠርሙስ አስቀምጠው ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆዳቸው ይቀምሳሉ። አንድ ቀን ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አነሡት።

«መምህር፣ ይኼ ነገር አረንጓዴ ሆነብኝ። ምንድነው?»

ሳልወድ ዞርኩ። «ዋቅላሚ ነው። ውሃ ውስጥ የሚኖር ደቃቅ ነገር ነው፤ ሕይወት አለው። እንደ ቅጠል ምግቡን ከብርሃን ይሠራል።»

«እዚህ ደግሞ ምን ብርሃን አለና?»

«ስለሌለ ነው እንዲህ የጠቆረው፣ አባባ። ብርሃን ሲያንሰው ብርሃን የሚለቅምበትን አረንጓዴ ቀለም ያበዛል። ብርሃን ሲበዛለት ደግሞ ይቀንሰዋል።»

ሽማግሌው ጠርሙሱን ትተው እኔን አዩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጠበሉን አልቀመሱም። ለምን ስላቸው «ይደግ እስቲ» ብለው ጠርሙሱን ወደ ጥጉ መለሱት።

ፀሐይ እንድንሞቅ ሲያስወጡን ጠርሙሱን በጋቢያቸው ደብቀው ይዘው ወጡ። «እሱም ይሙቅ» ብለው ግቢው መሐል ድንጋይ ላይ አቆሙት። እኔ ጮህኩባቸው። ጥላ የለመደ ነው፣ ድንገት ይኼን የመሰለ ፀሐይ ሲያገኘው ይጎዳል፣ ራሱን እስኪያስተካክል ጊዜ ይፈልጋል አልኩ። እሳቸው ሳቁ።

«ይኼን ያህል መቆጣት ከቻልክማ ደህና ነህ። በል ና፣ ብላ።»

በላሁ። ከዚያ በኋላ ጠርሙሱን ከጥጉ ወደ መስኮቱ ጥቂት በጥቂት ማስጠጋት ሥራችን ሆነ። የጠቆረው ውሃ ሳይሞት እየፈካ፣ ለጋ ሣር እየመሰለ ሄደ። የማየው ነገር አገኘሁ፤ ምርመራውንም ስም ሳልጠራ ቻልኩት።

አንድ ጠዋት ዘበኛው ገባና ሽማግሌውን «ተነሥ፣ ትዛወራለህ» አላቸው። ጋቢያቸውን አጣፉ። ጠርሙሱን አዩት፤ አላነሡትም። «በርታ ልጄ» ብለውኝ ወጡ። በወጉ እንኳ አልተሰናበትኳቸውም። ይኼ እስካሁን ይቆጨኛል።

ዘበኛው ተመልሶ መጥቶ ወደ ጠርሙሱ ጠቆመ። «ይኼን ቆሻሻ ሽንት ቤት ድፋው።»

ጠበል እግር የሚረግጠው ቦታ አይደፋም፤ ይኼን እሱም ያውቃል። እኔ በጠበል የማምን ሰው አልነበርኩም። ግን ቡሹን ነቀልኩና ፊቱ ቆሜ እስከ መጨረሻው ጠጣሁት። ሣር ሣር አለኝ። ባዶውን ጠርሙስ ተቀብሎኝ ወጣ።

ክረምቱ ሲያልፍ ለቀቁኝ። እንጦጦ ወጥቼ ቤታቸውን አፈላለግኩ። ሽማግሌው አልተመለሱም፤ የት እንደተወሰዱም የሚያውቅ የለም። ባለቤታቸው ደጃፍ ላይ ገብስ ያበጥራሉ። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው መጀመሪያ የጠየቁኝ ይኼን ነው።

«ጠበሉን ጠጡልኝ?»

«እኔ ነኝ የጠጣሁት፣ እማማ። እሳቸው ለእኔ ብለው ተዉት።»

ሰፌዱ እጃቸው ላይ ቆመ። «እንዲፈቱልኝ ተስዬ ነበር የላኩት» አሉ። ቅያሜ በሌለው ድምፅም፣ «ለዚህ ነዋ አንተ የተፈታኸው» አሉኝ። ከዚያም ወደ ቤት ግባ ብለው ተነሡልኝ።

ያስፈታኝ ጠበሉ አይደለም ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ዘግቼው ተከትያቸው ገባሁ። ዛሬ ከሽማግሌው በዕድሜ በልጫለሁ፤ ለልጆች ስንት ነገር አስተምሬአለሁ። ሴትየዋ ከመቃብር ተነሥተው ቢመጡ ግን ዛሬም ጠበሉ አይደለም አልላቸውም።